በትንሣኤ ሰሞን ለበረቱና ለቆጡ የሚደረግ ዝግጅት

የዐቢይ ጾም እኩሌታ አልፎ የደብረ ዘይት እሑድ ከተከበረ በኋላ የክርስቲያን ቤት አሳብ ሁሉ ወደ ትንሣኤ ያዘነብላል። እማወራዋ ስለ ጌሾውና ስለ ብቅሉ ታስባለች፤ አባወራው የቅርጫ ማኅበርተኞቹን ያሰባስባል፤ ልጆች የአዲስ ልብሳቸውን ቀን ይቆጥራሉ። በዚህ ሁሉ ዝግጅት መካከል ግን ከእኛ ጋር በአንድ አጥር ግቢ የሚያድሩት የበረቱ ከብትና የቆጡ ዶሮ ለሽያጭ ወይም ለእርድ ካልሆነ በቀር ሲታሰቡ እምብዛም አይታይም። በበዓሉ ዋዜማ ወይም በዕለቱ ቢታመሙስ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከታመሙ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ ከፎገራ ሜዳ ኑሮ ጋር አያይዘን ለማየት እንሞክራለን።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ወረታ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች እየተጠጣ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዞቹ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ብዙ መንደር በጎርፍ መከበቡ የሚታወስ ነው። ይህን ረግረግና ይህን ዝንብ የለመደው የፎገራ ከብት በነጭና ጥቁር ቡራቡሬ መልኩ፣ በወተቱና በገራምነቱ ስሙ ርቆ የተሰማ ሲሆን፣ ዘሩን ለመጠበቅና ለማሻሻል ባሕር ዳር አጠገብ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የአንዳሳ ጣቢያ በምርምር ማእከልነት ሲያገለግል ቆይቷል። በ1970ዎቹ ሩዝ ወደ ሜዳው ከገባ ወዲህ ግጦሹ እየጠበበ፣ የከብቱም ቀለብ የሩዝ ገለባ እየሆነ መጥቷል። ፋሲካ ደግሞ በባሕረ ሐሳቡ ስሌት ከመጋቢት 26 አይወርድም፤ ከሚያዝያ 30 አይወጣም። ይህ ጊዜ ሣሩ ያለቀበትና ከብቱ የከሳበት፣ ቀዳዱ ያልዘነበበት ወቅት ነው። የከሳ ከብት በሽታ ሲጥልበት የሚነሣበት አቅም የለውም።

በዚህ ላይ የሁለት ካሌንደሮች አለመገጣጠም ይጨመራል። የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ሐሙስ ማታ ከተዘጋ የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ዓርብ ስቅለት፣ ቅዳሜ የዕረፍት ቀን፣ እሑድ ትንሣኤ ይሆናልና። የገበሬው እጅ ግን በብዙ መንደር ከሰሙነ ሕማማት ጀምሮ እስከ ዳግም ትንሣኤ ይታጠፋል። ከሰኞ ማዕዶት፣ ከማክሰኞ ቶማስ፣ ከረቡዕ አልዓዛር፣ ከአዳም ሐሙስ፣ ከዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዳሜ ቅዱሳት አንስት አንዱንም የማይሽር ሰው ሰኞ ክሊኒኩ መከፈቱን ቢያውቅም የታመመ ላሙን ይዞ የሚወጣው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። እንዲህ ሆኖ የ3 ቀን መዘጋት የ10 ቀን መዘጋት ይሆናል። በዚህ መካከል የሚጠፋው የእርሻ በሬ በሰኔ ከማሳው ዳር ይፈለጋል።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምናገለግል ሁሉ «በሬ በስቅለት ቢታመም ወደ ሐኪም መንዳት በዓል መሻር አይሆንም ወይ?» ተብለን እንጠየቃለን። ጥያቄው ከፈሪሃ እግዚአብሔር የሚመነጭ በመሆኑ የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 በግልጽ ተቀምጧል። ጌታችን በሰንበት ቀን በአንድ ፈሪሳዊ ቤት ተቀምጦ ሳለ ሰውነቱ በውኃ ያበጠውን በሽተኛ ከፈወሰ በኋላ፣ አህያው ወይም በሬው ጉድጓድ ቢገባበት ሰንበት ነው ብሎ ሳያወጣው የሚያድር ማን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ የሚመልስም አልተገኘም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጌታ ይህን ያነሣው አዲስ ሥርዓት ለማውጣት ሳይሆን ሰሚዎቹ ሁሉ ይሠሩት የነበረውን ነገር ለማስታወስ መሆኑ ነው። ከሳሾቹ እንኳ በሬያቸውን ያወጡ ነበር። በምዕራፍ 13ም በሰንበት በሬውን ከግርግሙ ፈትቶ ውኃ የሚያጠጣውን ሰው ያነሣል። ከዚያም በፊት በሙሴ ሕግ ሰንበት ሲታዘዝ በሬውና አህያው በስማቸው ተጠርተው የዕረፍቱ ተካፋይ ሆነዋል። የነነዌ ሰዎች በጾሙ ጊዜ ከብቶቻቸውም አብረው መጾማቸውን፣ እግዚአብሔርም ለዮናስ ስለ ከተማይቱ ሲናገር እንስሶቿን ጭምር መቁጠሩን በየዓመቱ የነነዌን ጾም የምንጾም ሁሉ እናውቀዋለን። እንግዲህ በዓሉ የእንስሳውም ከሆነ፣ በበዓሉ ቀን የታመመውን እንስሳ መርዳት በዓሉን ማክበር እንጂ መሻር ሊሆን አይችልም። በሬውን ለማከም መንዳትና በሬውን ለማረስ መጥመድ አንድ አይደሉም።

በውጭው ዓለም ያለውን ልማድ በዚህ አጋጣሚ መጥቀስ አይከፋም። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተሰብ ጥንቸል ለልጆቹ ወዳጅ አድርጎ በቤት ያሳድጋል። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት ጋር የተቆጠረች በመሆኗ በእኛ ቤት ቦታ ባይኖራትም፣ ስለ እርሷ የሚደረገው ጥንቃቄ ግን ትምህርት ይሰጣል። ይህች እንስሳ ለግማሽ ቀን ያህል መብላትና በጠጥ መጣል ካቆመች አንጀቷ ሥራውን እያቆመ ነውና ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት። በመሆኑም ባለቤቶቿ የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ተረኛው ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በምን እንደሚደረስ ጠይቀው ይመዘግባሉ፤ የለመደችውን መኖም አስቀድመው ያከማቻሉ። ለአንዲት ጥንቸል ይህ ከተደረገ፣ የቤተሰብ እንጀራ ለተሸከመው በሬ ቢደረግ የሚበዛ አይሆንም።

ከቆጡ እንጀምር። በየበዓሉ ዋዜማ ዶሮ የሚፈጀው ፈንግል ነው። ለዚህም ምክንያቱ ሥውር አይደለም። የበዓል ገበያ ከየመንደሩ የመጣውን ዶሮ በአንድ ቦታ ያገናኛል፤ በቤቱ ዶሮ ማንቀላፋት የጀመረችበት ሰውም ሳትሞትበት ለመሸጥ ይቸኩላል። ገዢው ያመጣትን ዶሮ እስከ ቅዳሜ ለማቆየት ከራሱ ዶሮዎች ጋር ይቀላቅላታል። እርሷ ለወጡ ስትታረድ በሽታው በቆጡ ላይ ይቀራል፤ በዳግም ትንሣኤ አካባቢ ግቢው ባዶ ይሆናል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማለክለክ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የክንፍ መውደቅ ምልክቶቹ ናቸው። አንዴ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ለሰው የታዘዘ የመድኃኒት ብልቃጥ እየከፈቱ በውኃ መበጥበጥም ገንዘብ ማባከን ነው።

መከላከያው ክትባት ነው፤ ክትባቱም በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። ይሁንና ተከትባ በማግስቱ የምትጠበቅ ዶሮ የለችም። ሰውነቷ መከላከያውን እስኪያበጅ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ጊዜው በሰሙነ ሕማማት ሳይሆን ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ባለው በገብር ኄር ሰሞን ነው። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ ከተበጠበጠም በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማለቅ ያለበት በመሆኑ ለአንድ ቤት ብቻ አያዋጣም። እዚህ ላይ ሰንበቴው ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በየሰንበቱ አብሮ ጠላ የሚጠጣና ዳቦ የሚቆርስ ማኅበር ባለሙያውን በአንድ ቀን ጠርቶ የአባላቱን ዶሮ ሁሉ ቢያስከትብ ወጪው ለእያንዳንዱ የሚሰማ አይሆንም። ክትባቱ ያመለጠው ሰው ደግሞ ከገበያ ያመጣትን ዶሮ ለብቻዋ በቅርጫት ወይም በማድቤት ጥግ ያስቀምጥ፤ የውኃ ዕቃዋንም ይለይ። የላባዋንና የሆድ ዕቃዋን ጥራጊ ከአጥር ውጭ መወርወር ለጎረቤት በሽታ መላክ ስለሆነ መቅበር ያስፈልጋል።

ወደ በረቱ እንለፍ። አንባብያን እንደሚያውቁት 55 ቀን የጾመ ሰው በትንሣኤ ሌሊት በአንድ ጊዜ ሥጋና ቅቤ አይጭንበትም፤ ተልባ ይጠጣል፣ ሆዱን ያለማምዳል። የበሬውም ሆድ እንዲሁ ነው። በጋውን ሙሉ በሩዝ ገለባ የቆየ ከብት በበዓሉ ዋዜማ የጠላ አተላ፣ የተረፈ ሊጥ፣ የብቅል እንጥፍጣፊ በገፍ ሲቀርብለት ጨጓራው ይኮመጥጣል፤ ማመስኳቱን ያቆማል፤ ይተኛል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞትም ይችላል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በክፋት ሳይሆን በደግነት ነው፤ «በዓሉ ለእርሱም ይድረሰው» እየተባለ። አተላ መስጠት የለመደ ቤት ከሳምንታት በፊት በጥቂት በጥቂቱ ይጀምር፤ ያልለመደ ቤት በበዓል ቀን አይጀምር። የእህል ጎተራውና የሊጡ ገንዳም ቤተሰቡ ሌሊት ለቅዳሴ ሲወጣ ተዘግቶ መውጣት አለበት።

ለወረታ አካባቢ የተለየ ሌላ ጥንቃቄም አለ። በርብና በጉማራ ዳርቻ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት ገበያ ሲያጣ ወይም ሲበላሽ ለከብት ይጣላል። ሽንኩርት በብዛት የተበላ እንደሆነ የከብትን ደም የሚያፈርስ መርዝ አለው፤ በቀናት ውስጥ ሽንቱ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ የዓይኑ ሽፋን ይነጣል፣ ይደክማል። ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ መርዝ የሚሸነፈው ከብት ነው። የበዓል ወጥ በሚሠራበት ሳምንት የሚከማቸውን የሽንኩርት ልጣጭና ብልሽት ጉድጓድ ማግባት ይሻላል። ፌስታሉንም እንዲሁ፤ በከብት ሆድ የገባ ፌስታል አይወጣም።

የከብት ሆድ በግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ከተነፋና ትንፋሽ ካጠረው ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ሐኪም እስኪደረስ ድረስ የፊት እግሮቹን ወደ ዳገት አድርጎ ማቆም፣ እንዳይተኛ ማድረግ፣ እንዲያላምጥ በአፉ አግድም እንጨት ማሰር ይረዳል። ለአዋቂ ከብት እስከ ግማሽ ሊትር የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት በቀስታ ማጠጣትም ይቻላል። ራሱን ወደ ላይ አንጋጦ በኃይል መጋት ግን ዘይቱን ወደ ሳንባ ይልከዋል። በቢላዋ ጎኑን መውጋትም የሐኪም ሥራ ስለሆነ ለሐኪም ይተው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። እርሱም የቅርጫው በሬ ነው።

ስምንት ወይም አሥር አባወራ ገንዘብ አዋጥቶ የገዛው ሰንጋ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ታመመ እንበል። መብላት አቁሟል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ በእጅ ይታወቃል። ማኅበርተኛው ሁሉ ከስግደት ሲመለስ ይሰማል። የሚያስበውም አንድ ነገር ነው፤ ሳይሞት በቢላዋ እንድረስለት። ለምን ቢሉ፣ ሳይባረክ የሞተ እንስሳ በክት ስለሆነ ለክርስቲያን አይፈቀድም፤ ከታረደ ግን ገንዘቡም ሥጋውም ተረፈ ይባላል። ይህ አስተሳሰብ የበክትን ሥርዓት ለማክበር የተነሣ ቢመስልም ሥርዓቱ የተሠራበትን ጥንቃቄ ይስታል። ቢላዋው ከሞት ስለ ቀደመ ብቻ በሽታው ከሥጋው አይወጣም። በሥላሴ ስም የምንባርከውም ለምግብ የሚሆነውን ጤነኛ እንስሳ ነው።

በሽታው አባ ሰንጋ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ በገንዘብ አይለካም። በአባ ሰንጋ የተያዘ እንስሳ ደሙ በተሐዋስያኑ የተሞላ ነው። ሲታረድ፣ ሲገፈፍና ሲበለት ያራጁ እጅ፣ ቆዳውን የተሸከመው ትከሻ፣ ሥጋውን የከተፈችው እናት ሁሉ ይነካካሉ። በእጅ ወይም በፊት ላይ መሀሉ የሚጠቁር ቁስል ይወጣል፤ ሥጋውን የበላ ሰው ደግሞ በሆዱ ሊታመምና ሊሞት ይችላል። በጥሬው ከተበላ አደጋው የከፋ ነው፤ መቀቀሉም መተማመኛ አይሆንም። መሬት ላይ የፈሰሰው ደም የያዘው ዘር በአፈሩ ውስጥ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጎርፍ በየክረምቱ አፈር በሚያመላልስበት እንደ ፎገራ ባለ ሜዳ ላይ ይህ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ዕዳ ነው።

በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የወጣው፣ ሬሳውም ቶሎ ያበጠ እንስሳ እስከሚመረመር ድረስ አባ ሰንጋ እንደያዘው መቆጠር አለበት። አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ ለውሻም ለአሞራም አይጣል። ከሞተበት ቦታ ሳይርቅ፣ ከውኃ ግን በራቀ ስፍራ፣ 2 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር፤ የነካውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቁስል ከወጣበት ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናልና። ለወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት መንገርም ግዴታ ነው። «በትንሣኤ ቀን ዶማ አይነሣም» እየተባለ ሬሳው ሜዳ ላይ የሚተውበት አጋጣሚ አለ። ጉድጓዱን መቆፈር ግን እርሻ አይደለም፤ ጎረቤትን ከሞት ማዳን ነው። በሬን ከጉድጓድ ማውጣት በሰንበት ከተገባ፣ የሰው ልጅ እንዳይሞት በሬን ጉድጓድ ማግባት በትንሣኤ የማይገባበት ምክንያት የለም። የሚያመነታ ሰው ቢኖር የነፍስ አባቱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሬሳው ከተኛ በኋላ ግን መቆየት አይቻልም።

የገንዘቡ ነገር በእርግጥ ከባድ ነው። ለዚያ ቤተሰብ የፋሲካው ሥጋ የ55 ቀን ተስፋ ነበር። ስለዚህ የቅርጫ ማኅበር ገንዘብ በሚያዋጣበት ቀን፣ በሬው ሳይገዛ፣ አንድ ቃል ቢገባባ መልካም ነው፤ ይኸውም በሬው ቢታመም ሐኪም ሳያየው እንደማይታረድ፣ ቢሞትም ኪሳራው እንደ እድር ወግ በእኩል እንደሚከፈል ነው። ዓርብ ማታ በሬው ተንጋሎ ሳለ የሚደረግ ምክክር ምን እንደሚወልድ የታወቀ ነው። በሬውንም በሆሣዕና ሰሞን ገዝቶ ሳምንት ያህል ለብቻው እያዩ ማቆየት፣ ከመንጋጋው ሥር ያበጠውን፣ የሚያስለውን፣ የሚያነክሰውን አለመግዛት ብዙ ጭንቅ ያስቀራል። ከመንጋጋ ሥር የሚታየው እብጠት በረግረግ ዳር በሚግጥ በግና ከብት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የጉበት ትል ምልክት ነው። ለቀሪው መንጋ ደግሞ የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት መሰጠት ስላለበት የጾሙ ወራት ተገቢው ጊዜ ነው።

በስቅለት ቀኑን ሙሉ በስግደት፣ በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊቱን በጸሎት ስለምናሳልፍ በረቱ ለረጅም ሰዓት ያለ ጠባቂ ይቆያል። የታሰረ ከብት ውኃ ይጠማዋል፤ ገመድ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል። ከሁሉም በላይ የምትወልድ ላም ካለች ከቤተሰቡ አንድ ሰው መቅረት አለበት፤ የሚቀረውም ሰው ከበረከቱ የሚጎድልበት አይምሰለው። የሽርት ውኃው ከፈሰሰ በኋላ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ የጥጃው እግርና አፍንጫ ካልታየ ሐኪም ይጠራ። የዘገየ የእንግዴ ልጅም በእጅ አይጎተት።

ስለ ውሻውም አንድ ቃል እንጨምር። የታረደው በግ ሳንባና ጉበት ውኃ የቋጠረ እባጭ ካለበት ለውሻ አይሰጥ፤ ውሻው በትሉ ተይዞ መልሶ ለልጆቻችን ያስተላልፈዋል። ያበደ ውሻ ሰውን ወይም ከብትን ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ የተነከሰውንም ሰው በዓል ነው ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ሆስፒታል በበዓል አይዘጋም። ፀበሉን መጠመቅ ክትባቱን አያስቀርም፤ ክትባቱንም መውሰድ ከፀበሉ አይከለክልም። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ ግን መድኃኒት አይደርስበትም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዝግጅት ብዙ ወጪ የለበትም። አንድ ሊትር ዘይት፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ለቁስል የሚሆን አዮዲን፣ የእጅ ባትሪና ጠንካራ ገመድ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ከሆሣዕና በፊት ክሊኒኩ ድረስ ሄዶ በሦስቱ ቀናት ተረኛ ባለሙያ መኖር አለመኖሩን፣ ከሌለም በወረታ ከተማ የትኛው የግል ሐኪም እንደሚገኝ መጠየቅ፣ ስልኩንም ሕፃን ሊያነበው በሚችል ጉልህ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ መጻፍ ይገባል። በስልኩ ላይ ሒሳብ መኖሩም አይረሳ።

ከገበያ በየሜዳው የሚሸጠውን መርፌ ገዝቶ ራስ በራስ መውጋት ግን ሌላ መዘዝ አለው። መድኃኒት የተሰጠው እንስሳ ወተቱና ሥጋው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከቀናት እስከ ሳምንታት ለምግብ አይሆንም፤ ረቡዕ የተወጋ በግ እሑድ አይታረድም። ሐኪሙም መርፌውን ሲሰጥ የሚቆጠረውን ቀን እንዲነግር መጠየቅና በግድግዳው ላይ ከስልኩ ቁጥር ሥር መጻፍ ነው። በበዓሉ መካከል ታሞ የተሻለው እንስሳ ቢኖር ሰኞ ማዕዶት ጠዋት ክሊኒኩ ስለሚከፈት ይታይ፤ በድንገት የሞተ ካለም አብረውት የዋሉት ከብቶች ከዚያው ቀን ጀምሮ እንዲከተቡ ባለሙያው ይነገረው።